ብልቃጥ ቁጥር 217

ጥቅምት 4 ቀን

ውድ የወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ከለላ አይጉደልብሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኔና አክስትሽ ደህና ነን። ደህና ስልሽ ግን ለደብዳቤ የሚሆን ደህና ነው እንጂ ለነርስ የሚሆን አይደለም፤ ወደ ታች አጫውትሻለሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክ ስለማይመቸኝ ነው። ስትደውዪ ወይ ደንበኛ መጋረጃው ውስጥ ሱሪ እየሞከረ ነው፣ ወይ የስፌት መኪናው እየጮኸ ነው፤ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብዬ እዘጋዋለሁ። ሲዘጋ ደግሞ ስንት የምነግርሽ ነገር ነበር እያልኩ ስናደድ እውላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አክስትሽ ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ ወጣት ናት፣ ሳቂታ፣ ሥራዋ ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብ ስለካ የኖርኩትን ሰውዬ "እጅዎን ወደ ላይ" ብላ ለካችኝ። መቶ አሥራ ሦስት! እንዲህ ያለ ደንበኛ ቢመጣብኝ ጨርቅ ጨምረህ ና ብዬ ነበር የምመልሰው። ግፊቴን ለካች፣ ስኳሬን ለካች፣ ደሜ ውስጥ ያለውን ስብ አስመረመረች፤ አንዱም በልኩ አልተገኘም። እነዚህ ሁሉ ሲገጣጠሙ አንድ ስም አላቸው፣ ሜታቦሊክ ሲንድረም ይባላል አለችኝ። ስሙን ወረቀት ላይ አስጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ፤ ምን ሆንክ ላለኝ ሁሉ እያወጣሁ አነብለታለሁ። ሰዉም ከንፈሩን መጦ ይሄዳል።

ደግሞ ሰውነቴ ውስጥ ብግነት አለ ትለኛለች። ቁስል የለኝ፣ ትኩሳት የለኝ፣ ምኔ ነው የበገነው ብላት "ውስጥዎ" አለችኝ። ሁለት ዓይነት ክኒን ሰጠችኝ፤ ትንሿ ነጭ የግፊት ናት፣ ረዘም ያለችው የስኳር። ሻይ ያለ ስኳር፣ ምግብ ያለ ጨው፣ በየቀኑ በእግር መሄድ አለችኝ። ከቤት እስከ ሱቅ ሃምሳ እርምጃ ነው፤ እሱንም እየቆጠርኩላት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሱፉን እኔ ዘንድ የሚያሰፋ አንድ መምህር አለ። እሱ የእርድ እንክብል የሚባል ነገር አለ፣ ብግነትን ድራሹን ያጠፋዋል አለኝ። እኔም "የወንድሜ ልጅ እኮ ይህንኑ የሚያጠኑበት ቤት ነው የምትሠራው" ብዬ ኮራሁበት። ስለዚህ ገንዘብ አትላኪልኝ፣ መቀስም አልፈልግም። ከዚያ እንክብል አንድ ብልቃጥ ላኪልኝ። ጣቶቼም ጠዋት ጠዋት እየታሰሩ አስቸግረውኛል፣ ለእነሱም ይሆነኛል።

አጎትሽ ልብስ ሰፊው


ኅዳር 1 ቀን

ይድረስ ለተወደዱት አጎቴ፣

ለእርስዎም ለአክስቴም ጤናና ሰላም እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ከፖስታ ሳጥኑ አውጥቼ ቤት እስክገባ አልቻልኩም፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። እየሳቅኩ ጀምሬው መቶ አሥራ ሦስት የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ ቆመ።

ሥራዬን በደንብ አላስረዳሁዎትም መሰለኝ። የምውልበት ክፍል ሁለት ወንበር፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ መጋረጃና የደም ናሙና የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ አለው። ሰዎች በየተራ ይገባሉ፣ እኔ ወገባቸውንና ግፊታቸውን እለካለሁ፣ ደም እቀዳለሁ። ሙያውን ከእርስዎ ሳልወርስ አልቀረሁም፤ ልዩነቱ እኔ ዘንድ ማንም ሱሪ ይዞ አይወጣም። መቶ ሃያ ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም እንደ እርስዎ ያለ ሕመም ያለባቸው። ለግማሾቹ የእርድ ጭማቂ ያለበት እንክብል ይሰጣቸዋል። ለግማሾቹ ደግሞ ባዶ፣ ቢጫ ቀለም የገባበት የበቆሎ ዱቄት። ብልቃጡ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ለማን እንደደረሰ እኔም አላውቅም፣ ሐኪሙም አያውቅም፤ ካወቅን ፊታችን ያሳብቅብናል ተብሎ ዝርዝሩ ሌላ ቦታ ተቆልፎበታል። እያንዳንዱ ፍሬ ተቆጥሮ ይገባል፣ ተቆጥሮ ይወጣል።

ስለዚህ ከዚህ ልልክልዎ አልችልም፣ አጎቴ። ደግሞም እርዱ ይጥቀም አይጥቀም ገና አልታወቀም፤ የምናጠናው ስላላወቅን ነው። ነርሷ የሰጠችዎት ሁለቱ ክኒኖች ግን የታወቁ ናቸው። እባክዎ እነሱን ይያዙ። ለጣትዎም ነርሷን ያማክሯት።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 24 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አልከፋኝም።

ባዶው የሚደርሳቸው ሰዎች ግን አሳዘኑኝ። ዱቄት ለመዋጥ ብሎ ሐኪም ቤት ድረስ ሰው ይሄዳል? እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ አክስትሽ በነጻ ታበላኛለች።

ጣቶቼን በተመለከተ ነርሷን አማክሬአለሁ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከራቸው አለችኝ። እየነከርኩ ነው። ትናንት አንዲት ሙሽራ ልብሷን ልትወስድ መጥታ አንድ ቁልፍ ላልቶ ነበርና ልተክልላት ተቀመጥኩ። ክሩን ወደ መርፌው ባስጠጋ፣ ባስጠጋ አልገባ አለኝ። ልጅቷ ቆማ ስታየኝ ቆየችና ቀስ ብላ ከእጄ ወስዳ አስገብታ መልሳ ሰጠችኝ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ደንበኛ ክር ሲያስገባልኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ላብ በላብ ሆንኩ።

ካንቺ ብዙ ነገር ጠይቄ አላውቅም። አንዴ መነጽር፣ አንዴ መቀስ፣ አንዴ ለጣሪያው፤ እሱንም ቢሆን አክስትሽ ናት ያለችው። ለማንኛውም አታስቢ። ሥራሽን ያዢ፣ እኛ እንደምንም እንኖራለን። ይህን የጻፈችልሽ አክስትሽ ናት፤ እርሳሱ ከጣቴ እያመለጠ አስቸገረኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ውድ አጎቴ፣

ሰላምዎን ያብዛልዎ። ይህን ይዞ የሚመጣው የሥራ ባልደረባዬ ወንድም ነው፤ ሱቅዎ ድረስ አመጣለሁ ብሎኛል።

ስድሳ እንክብል ነው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ ጋር። ከየት አመጣሽው አይበሉኝ፤ ሌላም አይጠይቁኝ። አንድ ነገር ብቻ በአባቴ ስም እለምንዎታለሁ፤ የነርሷን ክኒን እንዳያቋርጡ። ይህ በዚያ ላይ የሚጨመር ነው እንጂ በዚያ ፈንታ አይደለም።

የአክስቴ የእጅ ጽሑፍ ቆንጆ ነው፤ ግን የእርስዎ ይሻለኛል።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 2 ቀን

የኔ ልጅ፣ የኔ መድኃኒት!

ፈጣሪ እጅሽን ይባርከው፣ የነካሽው ሁሉ ይለምልም! የእጅ ጽሑፌን አየሽው? ራሴ ነኝ! ማንም አልደገፈኝም።

ከየት ልጀምርልሽ። ወገቤን በየሳምንቱ ዓርብ ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት በራሴ ሜትር እለካለሁ። የመጀመሪያው ዓርብ ስለካ መቶ አሥር! በአምስት ቀን ሦስት ሴንቲሜትር ወረደ! መስታወቱ ፊት ቆሜ ደግሜ ለካሁ፣ ያው መቶ አሥር። አክስትሽን ጠርቼ አስለካኋት፣ ያው። ከዚያ ወዲህ እዚያው ላይ ቆሟል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ሥር እየያዘ ነው። ጣቶቼም ተፈትተዋል። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ ሰተት ብሎ ይገባል። የስፌት መኪናው ራሱ ድምፁ ያማረ መሰለኝ።

መምህሩ ብልቃጧን ዘወትር ያያትና "ቢጫዋ እንዴት አደረች?" ይለኛል። ጎረቤቱም ዓይኑን ጥሎባታል፤ አንድ ፍሬ አቅምሰኝ ያለኝ ስንት አለ! ለማንም አልሰጠሁም። ሁለት ሁለት ስውጥ ቆይቼ አሁን እንዳያልቁብኝ በቀን አንድ አድርጌአታለሁ። መቼም ከእሷ ወዲያ መድኃኒት የለም።

የነርሷን ክኒኖች ደግሞ አሳርፌአቸዋለሁ። አትቆጪ! ሁለት ዓይነት መድኃኒት አንድ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይጣላል ብዬ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ በክብር ተቀምጠዋል፣ ሲያስፈልጉ አሉ።

ደስ ያለው አጎትሽ


የካቲት 19 ቀን

አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ ሳልጨርስ ደወልኩ። "እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል፣ ደንበኛ አለ" ብለው ዘጉብኝ። እሺታዎን አውቀዋለሁ፤ ልጅ እያለሁ የቤት ኪራይ ሊጠይቅ ለሚመጣው ሰው የሚሉት እሺ ነው።

እየተቆጣሁ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። እርድ ግፊት ያወርዳል ያለዎት ማነው? ስኳር ያወርዳል ያለዎትስ? እኛ ዘንድ ካሉት መቶ ሃያ ሰዎች አንዱም የሐኪሙን ክኒን አላቋረጠም፤ እንዳያቋርጡ አስፈርመናቸዋል። የግፊት ክኒን ሲቆም ምንም አያምምም። ያ ነው ክፋቱ። ሰው ደህና ነኝ እያለ ይሰነብትና አንድ ቀን ይወድቃል። ይህንን እኔ ለእርስዎ ማስረዳት የለብኝም።

እባክዎ ዛሬውኑ መሳቢያውን ይክፈቱ። ነርሷም ዘንድ ሄደው ግፊትዎንም ወገብዎንም በእሷ መለኪያ ያስለኩ፤ ቁጥሩን እሷ ጽፋ ትስጥዎና ይላኩልኝ።

ሌላም የምነግርዎ ነገር ነበር። እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ አላወቅኩበትም፣ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ቁጥሩን ብቻ ይላኩልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 11 ቀን

ውድ የወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እንደቆየሁብሽ አውቃለሁ። በሕይወት አለሁ፣ መጀመሪያ እሱን እወቂልኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የመምህሩን ሱፍ ለመቁረጥ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። በጠመኔ ያሰመርኩት መስመር ሁለት ሆኖ ታየኝ። መነጽሬን ጠረግኩ፣ አሁንም ሁለት። እንግዲህ አንዱን መምረጥ ነው ብዬ መቀሱን ሰደድኩት። የቆረጥኩት በደረቱ በኩል ሰያፍ ነው። እንኳን ሱፍ ከረጢትም አይወጣው። ቁጭ ልበል ስል ወንበሩን ስቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ መነሳት አቃተኝ። መምህሩ ሊለካ መጥቶ በዚያ ሁኔታ አገኘኝ። ይኸውልህ ሱፍህ አልኩት፤ ሰውዬው ሊያለቅስ ደረሰ፣ ለሱፉ ይሁን ለእኔ እንጃ።

ጤና ጣቢያ ወስደውኝ ግፊቴ 190 በ115 ሆኖ ተገኘ። ስኳሬን አትጠይቂኝ። ነርሷ መርፌ ወጋችኝ፣ አስተኛችኝ፣ ሲሻለኝ ወገቤን ለካች። መቶ አሥራ ሦስት! እንዴት ሆኖ አልኩ። ተጣላን ማለት ይቻላል። አክስትሽን ልኬ ሜትሬን ከሱቅ አስመጣሁ። ነርሷ የእኔንና የእሷን ጎን ለጎን አልጋው ላይ ዘረጋቻቸው። የእኔ መቶ ሃምሳ የሚለው ጫፍ የእሷ ላይ መቶ ሃምሳ አራት ደርሷል። ለካስ ስጎትተው ስኖር ተለጥጦልሻል! ወገቤ መቶ አሥራ ሦስቱን እንደያዘ ነው፣ ሜትሩ ነው የቀላመደብኝ። እስከዛሬ አንድ ሱሪ ያልተመለሰብኝ ደግሞ ሰውንም ጨርቁንም በዚያው ሜትር ስለምለካ ነው፤ ሁለቱም እኩል ይሳሳታሉ። ነርሷ ሳቀች፣ እኔ ግን በኀፍረት ሞቼ ነበር።

ክኒኖቹን ለጊዜው መልሳ አስጀምራኛለች። የወደቅኩበትን ምክንያት ግን እኔ አውቄዋለሁ። ያንቺ እንክብሎች የካቲት አጋማሽ ላይ አለቁ። በነበሩ ጊዜ ደህና ነበርኩ፣ ሲያልቁ ወደቅኩ። ነገሩ ግልጽ ነው። ስለዚህ እንደምንም ብለሽ ሁለት ብልቃጥ ላኪልኝ። እነሱ እስኪደርሱ በነርሷ ክኒን እቆያለሁ፣ ከዚያ እመልስላታለሁ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 28 ቀን

አጎቴ፣

ሰላምታውን አሳጠርኩት፣ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም።

የላክሁልዎ ብልቃጥ ከጥናቱ የወጣ ነው። አንዲት የአውቶቡስ ሹፌር በመሃል ሰልችቷት ተወችና አንዱን ብልቃጥ ሳትከፍተው መለሰችው። የተመለሰ ይቆጠራል፣ ይመዘገባል፣ ከዚያ ተቃጥሎ ይጣላል። እኔ "ስድሳ ፍሬ፣ ለቃጠሎ" ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ወስጄ ወረቀቱን በሙቅ ውሃ ላጥኩት። ቁጥሩ 217 ነበር። እርድ ይሁን ባዶ ይሁን አላውቅም ነበር። "አልከፋኝም" ያሉኝ ቃል አንጀቴን በልቶት ነበር፤ የሙሽራዋ ነገር ደግሞ ጨመረበት። ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። አባቴ ከሞተ በኋላ የትምህርት ቤት ልብሴን የሰፉት፣ ደብተሬን የገዙት እርስዎ ነዎት። አንድ ብልቃጥ እንዴት እከለክልዎታለሁ ብዬ ነው።

ጥናቱ መጋቢት ላይ አለቀና ዝርዝሩ ተከፈተ። ሁላችንም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን አለቃዬ ቁጥር በቁጥር ታነባለች። እኔ የምጠብቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ስትደርስበት "ባዶ" አለች።

የዋጡት የበቆሎ ዱቄት ነው፣ አጎቴ።

እርዱን ያገኙትም ቢሆኑ እንደዚያ የሚያስጨፍር ነገር አላገኙም። ደማቸው ውስጥ ያለው የብግነት ምልክት በጥቂቱ ዝቅ ብሏል። ወገባቸው ያው ነው፣ ግፊታቸው ያው ነው። ሐኪሙ ተስፋ አለው፣ ግን ትንሽ ነው፣ ገና መጠናት አለበት ብሎ ጻፈ። እርስዎ የወደቁት እንክብሉ ስላለቀ አይደለም። ነጯን ክኒን ስላቆሙ ነው። ያስቆመዎት ደግሞ የእኔ ብልቃጥ ነው። የካቲት ላይ ብልቃጡን ከየት እንዳመጣሁትና ውስጡ ምን እንዳለ እንደማላውቅ ልነግርዎ ጀምሬ አቅቶኝ ነው ወረቀት የቀደድኩት። ያኔ ብነግርዎ ኖሮ ወለሉ ላይ ባልተቀመጡ ነበር።

ለአለቃዬ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከመለኪያ ክፍሉ አውጥተውኝ አሁን ምድር ቤት ወረቀት እደረድራለሁ። የሚቀጥለው ጥናት ላይ አልኖርም። ይገባኛል።

ሁለት ብልቃጥ አልልክልዎም፣ አንድም አልልክም። ይቅርታዎን ቢነፍጉኝ እችለዋለሁ። ክኒንዎን ግን ይዋጡ።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 25 ቀን

ልጄ፣

ፈጣሪ ሆድሽን ያረጋጋልሽ። ይህን ጽሑፍ ከነጠማማነቱ ተቀበዪው፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ተናደድኩ። መቀሱን ወረወርኩ፤ አክስትሽ አንስታ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። በማግስቱ ሳቅ ያዘኝ። ያን ዱቄት ጎረቤቱ ሁሉ ሲለምነኝ፣ እኔ ደግሞ እንደ ወርቅ ቆልፌበት! ለመምህሩ ነገርኩት። "እኔም እኮ ሰምቼ ነው የነገርኩህ" አለኝና አንገቱን ደፋ። አዲስ ሱፍ ያለ ዋጋ እየሰፋሁለት ነው፣ በአዲስ ሜትር።

አሁን የእኔን ስሚ። ብልቃጡ እጄ እንደገባ ወረቀቱ መላጡን አይቻለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ፣ ምልክቱ የተፈታ ኮት ሲመጣብኝ የሌላ ሰው መሆኑን አላጣውም። ሥራሽን ለአደጋ አጋልጠሽ እንደላክሽው ገብቶኝ ነበር። ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ ብዬ ዝም አልኩ። ስለዚህ ጥፋቱን ለብቻሽ አትውሰጂው፣ ግማሹ የእኔ ነው።

ጣቶቼም አልተፈቱም። ክሩም ሰተት ብሎ አልገባም። አክስትሽ ጠዋት ጠዋት አሥራ ሁለት መርፌ ላይ ክር አስገብታ የመርፌ ትራሱ ላይ ሰክታ ትሰጠኛለች፣ እኔ ቀኑን ሙሉ በእነሱ እሠራለሁ። የካቲት ላይ ተፈቱ ያልኩሽ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው። ያቺ ስንት ተጨንቃ ልካልኝ ምንም አልሠራልኝም ብዬ እንዴት እጽፋለሁ አልኩ። አንቺ ዱቄት ላክሽልኝ፣ እኔም ዱቄት መለስኩልሽ።

የወገቡ ነገር ግን ከልቤ ነበር፤ እሱን ሜትሩን ጠይቂው።

ነጯን ክኒን ያሳረፍኩበትን ምክንያት ደግሞ ዋሽቼሻለሁ። ሆድ ውስጥ ይጣላሉ ብዬ አይደለም። አባትሽ ያቺኑ ክኒን በጀመረ በዓመቱ ነው የሄደው። አንቺ ትንሽ ነበርሽ፣ አታስታውሺውም። ጠዋት ጠዋት መዳፉ ላይ አስቀምጦ ሲያያት እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ነርሷ እጄ ላይ ስታደርግልኝ የታየኝ የእሱ መዳፍ ነው። እንክብል ላኪልኝ ያልኩሽም ለጣቴ ብዬ አይደለም፤ ያቺን ላለመዋጥ ብዬ ነው። በአባትሽ ስም ስትለምኚኝማ ጭራሽ ባሰብኝ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ለነርሷ ነገርኳት። ሥራዋን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ታሞ ነው የጀመራት? አለችኝ። ስምንት ዓመት ሳይታከም ኖሮ ነው አልኳት። በየቀኑ ይወስዳት ነበር? አለችኝ። ሲያመው ብቻ አልኳት። "ክኒኗ አልገደለችውም፣ ዘግይታ ነው የደረሰችው" አለችኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩልሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ እወስዳታለሁ። ግፊቴ 142 በ90 ገብቷል፣ ነርሷ ራሷ ጽፋ ማኅተም መታልሻለች፣ ወረቀቱን አብሬ ልኬዋለሁ።

አሁን ካንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አባትሽ ነበረበት፣ እኔም አለብኝ። አንቺ የእሱ ልጅ ነሽ፣ መልክሽም አረማመድሽም የእሱ ነው። ስትለኪ የኖርሽው የሰው ወገብ ነው። ያንቺ ስንት ነው? ግፊትሽስ? በየደብዳቤው ደህና ነኝ እያልሽ ቁጥር ጽፈሽልኝ አታውቂም። ጻፊልኝ፣ እንዳትቀንሺልኝ።

አጎትሽ


ሰኔ 14 ቀን

ውድ አጎቴ፣

እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ማኅተሙን ሳምኩት።

ወደ ድሮው ክፍሌ ወጣሁ። በእኔ ቦታ የገባችው ልጅ ታውቀኛለች፤ ምንም ሳትጠይቀኝ "እጅሽን ወደ ላይ" አለችኝ። ወገቤ ዘጠና ስድስት ነው። ግፊቴ 152 በ98። ስኳሬ ወሰኑ ላይ ነው፣ ገና አላለፈም። ሦስት ዓመት እዚያ ክፍል ስውል አንድ ቀን መለኪያውን ራሴ ላይ አላዞርኩትም። ጊዜ አጥቼ አይደለም። ሐኪሙ ክኒን ጻፈልኝ። ትንሽ ናት፣ ነጭ። አራት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ሳያት ሰነበትኩ።

ዛሬ ጠዋት ደውዬ "ውሃ ይያዙና እየሰማሁ ይዋጡ" ስልዎ ሳቁብኝ፤ እንደ ሕፃን ትጠብቂኛለሽ አሉኝ። ብርጭቆው ሲነሳ ሰማሁ፣ ሲጎነጩ ሰማሁ። ያኔ እኔም የእኔን ዋጥኩ። "ምነው ዝም አልሽ?" ሲሉኝ አፌ ውስጥ ውሃ ነበር።

ነገም በዚያው ሰዓት እደውላለሁ።

ልጅዎ